የታፔላ ጸሐፊው እጅ

ሰኔ 14 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

ይህን ደብተር የጀመርኩት ኪሮስ «ሥራሽን በየቀኑ ጻፊ፤ ምን እንዳሰብሽ፣ ምን እንደከሸፈብሽ» ስላለኝ ነው። ኪሮስ አዲስ አበባ ውስጥ የሥነ ጥበብ ትርዒት የሚያዘጋጅ ሰው ነው። በመስከረም እዚህ ጭሮ፣ ከዚያ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ለሚታየው ትርዒት ከመረጣቸው ስድስት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። እኔ የቴክኒክ ኮሌጅ የኤሌክትሮኒክስ አስተማሪ ነኝ። ሠዓሊ ብሎ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ያቀረብኩት ሐሳብ የዝናብ ነው። ቆርቆሮው ላይ የተለጠፈ ሴንሰር የዝናቡን ምት ይይዛል፤ በዚያው ቅጽበት ግድግዳ ላይ ብርሃን ሆኖ ይወርዳል። ሦስት ሳምንት ሠራሁበት። ይሠራል። ግን ማንንም አያስቆምም። ዝናብ ማየት የፈለገ ሰው በመስኮቱ ያያል።

ሌላ ነገር። አባዬ የጋሽ በክሪን ታፔላ ዛሬ ጨረሰ። ከመሰላሉ ሲወርድ ልደግፈው ስል ክንዱን ነጠቀኝ። ታፔላው ላይ «በክሪ» የሚለው እንደ ድሮው ነው፤ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ጥላው በቀይ የወጣ። «የጫት» ላይ ሲደርስ ፊደሉ አንሷል። «ማከፋፈያ» ከመንገዱ ማዶ አይነበብም።

ጋሽ በክሪ ከታች ቀና ብሎ አየው። ከአባዬ ጋር አርባ ዓመት ያህል ወዳጆች ናቸው። «አቦ ሞገስ፣ ቦታው ጠበበህ እንዴ?» አለው።

«መሰላሉ ነው፤ ይወዛወዛል።»

መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አልተወዛወዘም።

ሰኔ 19፣ ኀሙስ

ከሐረር አሁን ገባን። ደክሞኛል፤ ባጭሩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። እስክሪብቶ ሰጥቶ ስሙን አምስት ጊዜ አስጻፈው። አምስተኛው «ሞገስ» የመጀመሪያውን ግማሽ አያክልም። ከዚያ «እጅዎን ጭንዎ ላይ ያሳርፉ» አለው። ቀኝ እጁ ባረፈበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ጥጥ የሚያሹ ይመስላሉ። ሲሠራ ይቀንሳል፤ ሲያርፍ ይብሳል።

ፓርኪንሰን። «ጨርሶ አይድንም፤ በመድኃኒት ግን ይያዛል። ሲጀምሩት መንቀጥቀጡም መገተሩም ይቀንሳል። ዋናው መውደቅ እንዳይመጣ ነው» አለን። ክኒኑ ሐረር ላይ አልተገኘም። ሳብሪና ታስመጣለች፤ አብራኝ የተማረች፣ ጭሮ መድኃኒት ቤት የምትሠራ።

አውቶብሱ ቁልቢ ሲደርስ አባዬ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ «ለሰው እንዳትናገሪ። ለእቴነሽ ትነግሪያለሽ፤ እህትሽ ናት። ለሌላ ግን እንዳትናገሪ። መሰላል ላይ የሚያወጣኝ አይኖርም» አለኝ።

«አልናገርም» አልኩት።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ሐኪሙ እንዲያይ ብዬ ነው የጀመርኩት። ይህ ይጻፍ።

እንቅስቃሴ የሚለካውን ትንሿን ሴንሰር በሰዓት ማሰሪያ ላይ ሰፋሁና የአባዬ አንጓ ላይ አሰርኩለት። «ምንድን ነው?» አለ። «እጅህን እየለካ ይመዘግባል፤ ለሐኪሙ ነው» አልኩት። ዝም ብሎ እጁን ሰጠኝ። ልጅ ሆኜ ቀለም ሲያቀብለኝ እንኳ እንዲህ አምኖኝ አያውቅም፤ አፈሰዋለሁ ብሎ ይሰጋ ነበር።

ከዚያ የዝናቡን ፕሮግራም ሳላጠፋው ቀርቼ ኖሮ፣ ፕሮጀክተሩ በርቶ ነበርና የእጁ ምት ግድግዳው ላይ ወጣ። አንድ መስመር። በሰከንድ አምስት ጊዜ ይርገበገባል፤ ያብጣል፣ ይሳሳል፣ ሊቆም ይልና መልሶ ይነሳል። አባዬ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ስለነበር አላየም። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። ውብ ነው ብዬ ለመጻፍ ፈራሁ። ውብ ነው።

የዝናቡን ሥራ ትቼዋለሁ።

ሐምሌ 3፣ ኀሙስ

ለኪሮስ ሁለት ቪዲዮ ላክሁለት። በአንዱ የእጁ መንቀጥቀጥ እንዳለ ነው። በሌላው መንቀጥቀጡን አጣርቼ አውጥቼዋለሁ፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ወዲያው ደወለ። «ያጣራሽው ጥሩ ነው፤ ግን እሱን ማንም ይሠራዋል። የመጀመሪያው ግን… ሚካል፣ መንቀጥቀጡ ነው ሥራው። የማን እጅ ነው?»

«የአንድ ታፔላ ጸሐፊ» አልኩ። ለምን አባቴ ነው እንዳላልኩ አላውቅም።

«ፈቅደዋል አይደል?»

«አዎ።»

እጁን ሰጥቶኛል። ያ ፈቃድ ነው።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ሥራው እንዲህ ይሆናል። ጨለማ ክፍል፣ ጠረጴዛ፣ ማሰሪያ። የመጣው ሰው ማሰሪያውን ያስርና እጁን ያንቀሳቅሳል፤ ግድግዳው ላይ ቀለም ይሄዳል፤ የፈለገውን ይጽፋል። እጁን ሲያሳርፍ ግን መስመሩ አያርፍም። የአባዬ መንቀጥቀጥ ይገባበታል። ጤነኛ እጅ ይዞ የመጣ ሰው የማያርፍ እጅ ይዋሳል። ለዚህ ረጅም ረጅም ቅጂ ያስፈልገኛል፤ ጠዋት የተቀዳ፣ ማታ የተቀዳ፣ ሲደክመው፣ ሲናደድ። አሥራ ሁለት ይበቃል።

ዛሬ ለአባዬ የተጣራውን አሳየሁት። በባዶ ጣቱ አየር ላይ ስሙን ጻፈ፤ ግድግዳው ላይ «ሞገስ» የሚል ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚሆን ጽሑፍ ወጣ፤ ቀጥ ያለ። አፉን ከፍቶ አየው። ደግሞ ጻፈ። «ይኸው! እጄ ምን ሆነ? እጄማ ደህና ነው» አለ። ከዚያ «መስከረም ላይ ሰው የሚያየው ይህን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እንደዚህ ያለ ነገር ነው» አልኩት።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ሳብሪና ደወለች። ክኒኑ መጥቷል። ነገ።

ሐምሌ 10፣ ኀሙስ

ዶፍ። መብራት ሁለቴ ሄደ። መድኃኒት ቤት አልደረስኩም።

እጅ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ግድግዳው ትንሽ ይዘገያል። ዓይን የመርገብገብ ያህል ነው፤ ግን ያስታውቃል። አንዴ ካስታወቀ ሰው ማሽን እንደሆነ ያውቅና ልቡ ከሥራው ይወጣል። ሰባት ሰዓት ሙሉ ለፋሁበት። የቦርዱን ፕሮግራም እንደገና ጻፍኩ። አሁን መዘግየቱ ከግማሽ በታች ወርዷል። ገና ነው። ምንም መዘግየት መኖር የለበትም።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

እቴነሽ ከሚኤሶ ደወለች። መኪና መንገዱ ላይ ምግብ ቤት አላት፤ በስልክ ስታወራ ከጀርባዋ ሁልጊዜ ከባድ መኪና ያጓራል። «መድኃኒቱ ተገኘ?» አለችኝ።

«ገና አልመጣም።»

«አዳማ ላስፈልግ?»

«አይ፤ ሳብሪና ይዛዋለች። ማለቴ፣ ይዛለች ጉዳዩን።»

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ሳብሪና፦ «ሚካል፣ ክኒኑ እዚህ ተቀምጧል እኮ። ሰው ልላክልሽ?» እኔ፦ «ፈተና እያረምኩ ነው፤ ራሴ እመጣለሁ።» ፈተናውን በእርግጥ እያረምኩ ነው።

ስድስት ቅጂ አለኝ። ስድስት ይቀራል። ክኒኑ መሐል ላይ ከተጀመረ የመጀመሪያውና የኋለኛው ቅጂ አንድ ዓይነት አይሆንም። ይህ የቴክኒክ ነገር ነው። በሽታው ዓመታት የወሰደ ነው፤ ሐኪሙም ዛሬውኑ ይጀመር አላለም።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

አባዬ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቷል። «ጉልበቴ ነው» ይላል። ጉልበቱ አይደለም፤ ጧፍ ይዞ መቆም ፈርቶ ነው። ቤት ውስጥም መሄዱ ተለውጧል፤ መነሻው ላይ እግሩ መሬት ይዞ ይቆይና ከዚያ በትንንሽ እርምጃ ይሄዳል። ሲዞር ግድግዳ ይይዛል።

ጋሽ በክሪ ሊጠይቀው መጣ። ወጥ ቤት ሆኜ ሰማኋቸው።

«አካም፣ ሞገስ? ጠፋህ እኮ! ወላሂ፣ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል።»

«ክረምቱ ነው። ደግሞ ልጄ እያከመችኝ ነው።»

«ሚካል? ሐኪም ሆነች እንዴ?»

«በኤሌክትሪክ ነው። እጄ ላይ ታስራለች፤ በየቀኑ። ለውጥ አለው።»

ለውጥ የለውም። ገብቼ አላረምኩትም። ሻዩን ከደጃፍ አቀበልኳቸውና ተመለስኩ።

ዘጠነኛው ቅጂ እስካሁን ካሉት ሁሉ ይበልጣል። ለኪሮስ ላክሁት።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

አሥራ አንድ። ማክሰኞ የመጨረሻውን ቀድቼ በቀጥታ ወደ ሳብሪና። ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

መዘግየቱ ጠፋ። እጄን ባነሳሁበት ቅጽበት ግድግዳው ይነሳል። ብቻዬን ጮህኩ።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

አባዬ ወደቀ። ኮሌጅ ነበርኩ። ጎረቤት ደወለችልኝ። ጓሮ ሲዞር እግሩ ያዘውና በቀኝ እጁ ላይ። አንጓው ተሰብሯል። የምጽፈው ከሆስፒታሉ ኮሪደር ነው። ጄሶ እያሰሩለት ነው። ሲጮህ ሰማሁት። አባዬ ጮኾ አያውቅም።

ቀኝ እጁን ነው።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ጠዋት በአንድ ሰዓት መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ቆሜ ነበር፤ ሳብሪና ራሷ ስትከፍት አገኘችኝ። ክኒኑን ከመሳቢያ አወጣች። ፌስታሉ ላይ «አባባ ሞገስ» ብላ ጽፋበት ነበር። «አይዞሽ፤ ይሻላቸዋል ኢንሻ አላህ» አለችኝ። እሷ ምንም አልጠየቀችኝም።

ለአባዬ፣ «ዛሬ መጣልህ» አልኩት።

«ተመስገን» አለና በግራ እጁ ተቀበለኝ።

ቢጀመርም ሊወድቅ ይችል ነበር። ክኒን የጀመረ ሰውም ይወድቃል። መሬቱም ረጥቦ ነበር።

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ

ሦስት ሳምንት። ይሠራል። የግራ እጁ ጸጥ ብሏል፤ ከጄሶው የወጡት የቀኝ ጣቶቹም እንደዚያ አይታሹም። ዛሬ ከአልጋው ብቻውን ተነሳ፤ ሳይደነቃቀፍ በሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ፊቱ ላይ የነበረው ግትር ነገር ለቆት ፈገግ አለ። የአባቴን ፈገግታ ለስንት ወር እንዳላየሁት ያወቅሁት ዛሬ ነው።

ሾርባውን ጠጥቶ ሲጨርስ ጄሶውን እያየ፣ «ይህ መድኃኒት አንድ ወር ቀደም ብሎ መጥቶ ቢሆን ኖሮ» አለ። ማንንም አልወቀሰም። እንዲሁ አለው።

ሳህኑን አነሳሁ።

መስከረም 13 ቀን 2018፣ ማክሰኞ

ጄሶው ወጣ። እጁ ከስቷል፤ ቆዳው ይፈረፈራል። ጣቶቹ ግማሽ መንገድ ሄደው ይቆማሉ። እንዲይዝ ብሩሽ ሰጠሁት፤ ወደቀበት። አነሳሁለት፤ ወደቀበት። ደግሜ እንዳላነሳው በዓይኑ ከለከለኝ።

በላፕቶፑ ውስጥ አሥራ አንድ ቅጂ አለ። ያ እጅ አሁን ያለው እዚያ ብቻ ነው። ኪሮስን «ልተወው ይሆን?» ብዬ መልእክት ጽፌለት አጠፋሁት።

መስከረም 22፣ ኀሙስ

አዳራሹ ውስጥ ተከላ። ኪሮስ መጥቷል። ሽቦው ደርሷል፤ ፕሮጀክተሩ ተሰቅሏል፤ ይሠራል። ኪሮስ እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ መስመሩ ሲንቀጠቀጥ አየ። «እጄ የራሴ አልመሰለኝም» አለ። እንዲህ እንዲል ነበር የፈለግሁት።

በሩ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ አሳትሞ አምጥቷል፦ «የአንድ የከተማው ታፔላ ጸሐፊ እጅ»። «ይቅር» ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። ጥሩ አርእስት ነው።

አባዬ ካፖርቱን አስጠርጎ አዘጋጅቷል። ጋሽ በክሪን ጋብዞታል። «ቀጥ ያለውን ያያል» ብሎ ተናገረ።

መስከረም 24፣ ቅዳሜ፣ ሌሊት

እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ተማሪዎቼ፣ ነጋዴዎች፣ ከበደሳ ድረስ የመጡ ሁለት መምህራን። አባዬና ጋሽ በክሪ ከፊት ተቀመጡ። መጀመሪያ ሰው ዝም ብሎ ያይ ነበር። አንዷ ሴት ማሰሪያውን አስራ እጇን ስታሳርፍ መስመሩ ሲርገበገብ አለቀሰች። ይህን ሳይ ልቤ ሞላ፤ አባዬን ዞሬ ለማየት እንኳ አላሰብኩም።

ከዚያ ሁለት ተማሪዎቼ መጡ። አንዱ ስሙን ጻፈና እጁን አሳረፈ። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ጓደኛው «ሰክረሃል እንዴ ሰውዬ!» አለና አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የተበረታታው ተማሪ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን እያሸ፣ እየተንገዳገደ ተራመደ። ሳቁ ባሰ። ክፋት አልነበራቸውም፤ የማን እጅ እንደሆነ አያውቁም ነበር። ግን ከኋላ አንድ ሰው የበሩን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «የአንድ የከተማው ታፔላ ጸሐፊ እጅ።» በዚህች ከተማ ስንት ታፔላ ጸሐፊ አለ? ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ እየሞተ ሄደ፤ ሰው ሁሉ ወደ አባዬ ዞረ።

አባዬ ግድግዳውን እያየ ነበር። የራሱን እጅ የማያውቅ ጸሐፊ የለም። ቀስ ብሎ ተነሳ። ጋሽ በክሪ ሊይዘው ሲል «ተወኝ» አለው። መሐሉን አቋርጦ ሲወጣ ሰው መንገድ ለቀቀለት።

ተከትዬው ወጣሁ። ደጃፉ ላይ ሳብሪና ቆማ ነበር፤ ገና መምጣቷ ነው፤ ውስጥ የሆነውን አላየችም። «አባባ! እንኳን ደስ ያለዎት! መድኃኒቱስ ተስማማዎት? እኔ እኮ ከሐምሌ ዘጠኝ ጀምሮ አስቀምጬ ስጠብቅ፣ ሚካል ሥራ በዝቶባት…» አለችው። ፊቴን ስታይ አቋረጠችው።

አባዬ «ተስማምቶኛል፤ እግዜር ይስጥሽ» አላት። ጋሽ በክሪ በመኪናው ወሰደው።

ቤት ስደርስ ካፖርቱን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ከሐምሌ?» አለኝ።

«አዎ።»

«ለምን?»

ብዙ ነገር ማለት እችል ነበር፤ ዝናቡን፣ ፈተናውን፣ መብራቱን። ሁሉም እዚህ ደብተር ላይ አለ። «ክኒኑ ከተጀመረ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። እኔ መንቀጥቀጡን ፈልጌው ነበር» አልኩት።

«የወደቅሁ ቀን ሳብሪና ዘንድ ነበር?»

«ነበር።»

ቀኝ እጁን በግራው ይዞ ቆየ። ከዚያ «እናትሽ እንኳን ይህን ሳታይ ሞተች» አለኝና ወደ መኝታው ገባ። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ድርግም አድርጎ ቢዘጋው ይሻለኝ ነበር።

መስከረም 26፣ ሰኞ

ጠዋት ጋሽ በክሪ መጣ። አባዬ ትንሽ ሻንጣ ይዞ ወጣ። ወደ እቴነሽ፣ ሚኤሶ። ክኒኑን ራሱ ይዞታል። እኔን አላየኝም። ጋሽ በክሪ ሞተሩን አስነስቶ ከወረደ በኋላ ወደ እኔ ተመለሰ። እንዲቆጣኝ ጠበቅሁ።

«እኔም እጁን አይቼ ነበር» አለኝ። «ታፔላውን ሲጽፍልኝ። ዝም አልኩ፤ ክብሩን የጠበቅሁለት መስሎኝ።» ሌላ አልጨመረም።

መስከረም 27፣ ማክሰኞ

አሥራ አንዱንም ቅጂ አጠፋሁ። ከላፕቶፑ፣ ከፍላሹ፣ ለኪሮስ ከላክሁበት። አዳራሹ ሄጄ ሴንሰሩን ነቅዬ ግድግዳውን ባዶ አደረግሁት። አንድም ሰው እንደገና አይስቅበትም።

ትንሽ ቀለል ያለኝ መሰለኝ።

መስከረም 28፣ ረቡዕ

ኪሮስ ደወለ። «ድሬዳዋ ሥራውን እየጠበቀ ነው፤ ምንድን ነው ያደረግሽው?» ነገርኩት፤ አባቴ እንደሆነ፣ ሳልጠይቀው እንደቀዳሁት፣ መድኃኒቱን።

«ፈቅደዋል ብለሽኝ ነበር» አለ።

«ዋሸሁህ።»

«ባውቅ አላሳየውም ነበር። ግን ሚካል፣ አሁንስ ጠይቀሻቸው ነው ያጠፋሽው?»



ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ፣ ሚኤሶ

አውቶብሱ ቁልቁለቱን ወርዶ ሙቀቱ ሲቀበለን ልመለስ አስቤ ነበር። እቴነሽ ከምግብ ቤቷ ደጃፍ አየችኝ፤ አላቀፈችኝም። «ጓሮ ነው» አለችኝ ብቻ።

አባዬ ከጥላ ሥር ተቀምጦ የጨርቅ ኳስ በቀኝ እጁ እየጨመቀ ነበር። ጫማው ሥር ተንበርክኬ «አባዬ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። «ሁሉንም አጠፋሁት። አንድም አልቀረም። ማንም አያየውም።»

እጁ ኳሱ ላይ ቆመ።

«ምኑን?»

«ቅጂውን። የእጅህን።»

«ማን አጥፊው አለሽ?»

ቀና ብዬ አየሁት። ተቆጥቷል፤ ያን ቀን ማታ እንኳ እንዲህ አልተቆጣም።

«ይህ እጅ ተሰብሯል» አለኝ። «የሚንቀጠቀጠው የእኔ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ከጻፈው እጅ የተረፈው እሱ ነበር። ሰው ሲስቅ ተናደድኩ፤ እውነት ነው። መንገድ ላይ ሳስበው ግን ያቺ ሴት ስታለቅስም አይቻለሁ። በክሪን ‹አንድ ቀን ብቻዬን ሆኜ ልየው› ብዬው ነበር። ስትቀጂ አልጠየቅሽኝም። ስታጠፊም አልጠየቅሽኝም።»

ይቅርታ መጠየቄ ራሱ እሱን ሳያማክር የተሠራ ነገር ነበር፤ እኔ ቀለል እንዲለኝ።

ማታ ምግብ ሲቀርብ ከእኔ በስተግራ ተቀመጠ። ክኒኑን ከእቴነሽ እጅ ወሰደ።

ጥቅምት 2፣ እሑድ

ጠዋት ቀሰቀሰኝ። «የእህትሽ ታፔላ ዝጎ አልቋል። ቀለም አለ። ተነሺ» አለኝ።

«እኔ? አባዬ፣ ብሩሽ ይዤ አላውቅም።»

«አውቃለሁ።»

ሠሌዳው ግንብ ተደግፎ ነበር፤ ነጭ ተቀብቶ ደርቋል። አባዬ ወንበሩን ከኋላዬ አስቀመጠ። በእርሳስ መስመር አስወጣኝ፤ በክር አስለካኝ። ከዚያ «እ» አለኝ። ጻፍኩ። «አጥፊው። እንደገና።» በጨርቅና በናፍጣ ጠርጌ ጻፍኩ። «አጥፊው። ብሩሹን አትግፊ፤ ጎትቺው። እንደገና።» «እ» ላይ ብቻ ረፋድ ሆነ። እጁን በእጄ ላይ ያደርጋል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላደረገም። አንድ ጊዜ ዞሬ «እንዲህ?» ስለው፣ «እኔን አትዪ፤ ፊደሉን እዪ» አለኝ።

እኩለ ቀን ላይ ብሩሹን አስቀምጬ ያን ጊዜ ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁት። «አባዬ፣ እጅህን እንደገና ልቅዳው? አሁን ያለውን። አንተ የፈለግኸውን ብቻ፤ አንተ ለምትፈልገው ብቻ።»

ብዙ አሰበ። አንድ ከባድ መኪና አልፎ አቧራው እስኪያርፍ ድረስ።

«አይሆንም» አለኝ።

«እሺ» አልኩ። ለኪሮስም ማታ እደውልለታለሁ፤ ሥራ የለኝም ብዬ።

ከሰዓት «እቴነሽ ምግብ ቤት» ተጻፈ። ቀለሙ ቦታ ቦታ ፈሷል። ሁለት ሾፌሮች ምሳ በልተው ሲወጡ ቆመው አዩት። አንደኛው እየሳቀ፣ «አባት፣ የ‹ቤ›ው እግር ተጣሟል እኮ! ማን ጻፈው?» አለ።

አባዬ ከወንበሩ ሳይነሳ ታፔላውን አየና፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «ልጄ ናት» አለው። «ጀማሪ ናት።»